ዓርብ ኩስኩስ፣ ቀትር ላይ ሜሽዊ፦ በሞሮኮ ምግብ ቤት ምን፣ የትና መቼ ይበላል?

የሞሮኮ ምግብ ቤት ሜኑ ሲያዩት የማይገኝበት ነገር የለም። ታጂን አሥር ዓይነት፣ ኩስኩስ አራት ዓይነት፣ ታንጂያ፣ ሜሽዊ፣ ባስቲላ፣ ሾርባ፤ ሁሉም በአንድ ገጽ፣ ጠዋትም ማታም። ወጥ ቤቱ ግን ያን ሁሉ በአንድ ቀን አይሠራም። አንዱ ምግብ ከሰል ላይ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሌላው አመድ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል ወይም ያድራል፣ ሌላው በወጉ የሚሠራው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ "ታጂን ይሻላል ወይስ ኩስኩስ?" ለሚል ሰው መልሱ በጥያቄ ይጀምራል፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? አሁንስ ስንት ሰዓት ሆነ? ሁለቱን ካወቃችሁ ከሜኑው ግማሹ ራሱ ይሰረዛል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። ስልካችሁ 13፡00 ሲል ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው።

ታጂን፦ መጀመሪያ ከሰሉን እዩ

ታጂን የሸክላውም የወጡም ስም ነው። ከታች ጎድጎድ ያለ ሳህን፣ ከላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለ ክዳን። ሽንኩርቱ ከሥር ይነጠፋል፣ ሥጋው በላዩ ይቀመጣል፣ አትክልቱ ዙሪያውን ተደግፎ ይቆማል። የሚገባው ውኃ ጥቂት ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ እየሆነ ተመልሶ ይወርዳል። እሳቱ ከበረታ ሸክላው ስለሚሰነጠቅ ማጣደፍ አይቻልም። ዶሮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የበግና የከብት ሥጋ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

እንግዲህ የበግ ታጂን አዝዛችሁ በአሥር ደቂቃ እየተንተከተከ ከመጣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከረፋድ ጀምሮ ከሰል ላይ ቆይቷል፤ ይህ የምትፈልጉት ነው። ወይ ደግሞ ሥጋው በፕሬዠር ኩከር ተቀቅሎ፣ አትክልቱ ለብቻው በስሎ፣ ሁለቱ ለማሳመሪያ ሸክላው ውስጥ ተገልብጠው ሞቀው መጥተዋል፤ ይህ በቱሪስት ሰፈር የተለመደ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ልዩነቱ ይታያል። በእውነት እዚያው የበሰለ ታጂን የሸክላው ጠርዝ ላይ መረቁ የደረቀበት ቡናማ ቀለበት አለው። ድንቹና ካሮቱ የመረቁን ቀለም ጠጥተዋል፤ ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ድንች ለብቻው የተቀቀለ ነው። ከሥር ያለው ሽንኩርት ቅርጹን አጥቶ ከቅባቱ ጋር ወፍራም ስልስ ሆኗል። እነሱ ይህንን ደግሚራ ይሉታል፤ እኛ "ቁሌቱ በስሏል" የምንለውን ያህል ክብር ይሰጡታል። መረቁ እንደ ውኃ ቀጥኖ ከሳህን ሳህን የሚሮጥ ከሆነ ደግሚራ የለውም።

ባለ ሥዕሉ፣ የሚያብረቀርቀው ቀለማም ታጂን ማቅረቢያ ነው፤ ከሰል ላይ አይወጣም። የሚበስልበት ጠቆር ያለ፣ ቂጡ የጠለሸ፣ ሲያዩት የማያምር ነው። ትናንሽ ቤቶች በራቸው ላይ ረጅም የከሰል ምድጃ ዘርግተው አሥር አሥራ አምስት ታጂን ይደረድራሉ። እዚያ ቆማችሁ "የትኛው ምንድን ነው?" ብትሉ ባለቤቱ ክዳኑን አንስቶ ያሳያችኋል፤ ነውር የለውም። እንዲህ ያለ ቤት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከማንኛውም ባለ ምንጣፍ ምግብ ቤት ይበልጣል። ከ9 ሰዓት በኋላ ጥሩው አልቆ የተረፈው ይሞቃል።

የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በጨው የሰነበተ ሎሚና የወይራ ፍሬ ያለበትን ዶሮ እዘዙ። ዝንጅብል፣ ሳፍሮንና እርድ ያለበት ቢጫ መረቅ ነው፤ ለአበሻ ምላስ አይከብድም። የሎሚው ልጣጭ ከዶሮው ጋር የሚበላ ነው፤ ጨውም እሱ ውስጥ ስላለ ሳትቀምሱ ጨው አትነስንሱ። የበግ ሥጋ በደረቀ ፕሪም ሌላ ዓለም ነው፦ ቀረፋ፣ ማር ወይም ስኳር፣ በላዩ የተጠበሰ አልሞንድና ሰሊጥ። ጣፋጭ ነገር ከሥጋ ጋር አልዋጥ የሚለው ሰው ለብቻው ባያዝዘው ይሻላል። ለአራት ሰው አንዱን እንደዚያ፣ ሌላውን በሎሚ አድርጎ መሀል ማስቀመጥ ጥሩ ብልሃት ነው።

ማታ ዘግይታችሁ ከገባችሁስ? ያን ጊዜ ኬፍታ ታጂን እዘዙ። የተፈጨው ሥጋ በትንንሽ ድብልብል ሆኖ ቲማቲም ስልስ ውስጥ ይበስላል፣ በመጨረሻ እንቁላል ይሰበርበታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚበቃው በትዕዛዝ ከባዶ ሊሠራ የሚችለው ታጂን ይኸው ነው። የሌሎቹ ጥራት በሰዓቱ ይለዋወጣል፤ የዚህኛው ግን ሌሊትም ያው ነው። እንቁላሉ እንዳይደርቅ ሸክላው ከመጣ በኋላም መፍላቱን እንደማያቆም አስታውሱ፤ ለስላሳ የምትወዱ ወዲያው ጀምሩ። ለሌሎቹ ታጂኖች ግን ሦስት አራት ደቂቃ ታገሡ፣ አለዚያ ላንቃ ይላጣል።

ኩስኩስ፦ የዓርብ ምግብ ለዓርብ ጾመኛ

ኩስኩስ ሞሮኮ ውስጥ ከዓርብ ስግደት በኋላ የሚበላ የቤተሰብ ምሳ ነው። በ2020 ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሞሪታኒያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ለምን ዓርብ ብቻ እንደሚሠራ የሚገባችሁ አሠራሩን ስታዩ ነው። ከስንዴ ሰሞሊና የተፈተፈተው ፍሬ ውኃ ውስጥ አይቀቀልም። ታችኛው ድስት ውስጥ ሥጋና አትክልቱ ሲፈላ፣ ላይኛው ባለ ቀዳዳ ድስት ውስጥ ሆኖ በዚያ እንፋሎት ይበስላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከታጠነ በኋላ ሰፊ ገበታ ላይ ይገለበጣል፣ ጨው ያለበት ውኃ ይረጭበታል፣ በመዳፍ እየታሸ ጓጉሉ ይፈታል፤ ተመልሶ ይታጠናል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ ቅቤ ወይም ስመን፣ ማለትም በጨው የሰነበተ ቅቤ፣ ይታሻል።

ማክሰኞ ማታ ኩስኩስ የሚያቀርብ ቤት አንድም የዓርቡን አሙቋል፣ አንድም የፓኬቱን አውጥቶ ፈላ ውኃ አፍስሶበት አምስት ደቂቃ ጠብቋል። የፓኬቱ ፍሬ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል ወይም ይጣበቃል። ታሽቶ የታጠነው ግን ማንኪያ ሲነካው እንደ ደረቅ ጤፍ ይበተናል፣ ግን ለስላሳ ነው። ሌላው ምልክት መረቁ ነው፦ ደህና ቤት በፍሬው ላይ ጥቂት አርከፍክፎ ቀሪውን በጎድጓዳ ሳህን ለብቻው ይሰጣችኋል። ሥሩ በመረቅ ረጥቦ የመጣ ኩስኩስ እስክትጨርሱት ገንፎ ይሆናል።

ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። "በሰባት አትክልት" የሚባለው ካሮት፣ ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽምብራና የመሳሰሉትን የያዘው ነው። "ተፋያ" ደግሞ በዘቢብና በቀረፋ ጠቁሮ እስኪጣፍጥ የቆየ ሽንኩርት ይከመርበታል። ከጎኑ ልበን፣ ማለትም አሬራ፣ ይጠጣል፤ ከባዱን ምግብ የሚያቀልለው እሱ ነው። ኩስኩስ ሲቀርብ ዳቦ አይጠበቅም፤ በማንኪያ ይበላል፣ የለመዱት በቀኝ እጃቸው እየደበለቡ ይጎርሱታል።

ታጂን ለሁለት ሰው፣ ኩስኩስ ለአራትና ከዚያ በላይ ይመቻል። አንድ ሳህን ኩስኩስ ለብቻ ማዘዝ ትርፍ ነው፤ ግማሹ ይቀራል።

እዚህ ላይ የኦርቶዶክስ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ኩስኩስ በወጉ የሚገኘው በዓርብ፣ ዓርብ ደግሞ ጾም። "በአትክልት ብቻ አድርጉልኝ" ማለት አያድንም፤ አትክልቱም ፍሬውም የበሰሉት ከሥጋው በወጣ መረቅና እንፋሎት ነው። ሥጋውን አንስተው ያመጡላችኋል፣ በቅንነት፣ ችግሩን ሳያውቁ። ለዓርብ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ታንጂያ ወይስ ሜሽዊ?

ሁለቱም የማራኬሽ ኩራት፣ ሁለቱም ከሥጋ በስተቀር ሌላ የማያውቁ ናቸው። የሚለያቸው እርጥበቱ ነው።

ታንጂያ አንገተ ጠባብ እንስራ የሚመስል ሸክላ ነው። የከብት ቅልጥም ወይም የበግ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ሳፍሮን፣ በጨው የሰነበተ ሎሚ፣ ስመንና ጥቂት ውኃ ገብቶበት አፉ በወረቀት ይታሰራል። ከዚያ ወደ ሕዝብ መታጠቢያው፣ ወደ ሐማሙ፣ ይላካል፤ ውኃውን የሚያሞቀው እሳተኛ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይቆያል። ድሮም የወንደላጤና የገበያ ሠራተኛ ምግብ ነው፤ ጠዋት ሰጥቶት ይሄዳል፣ ሲመለስ በስሎ ይጠብቀዋል። ሲገለበጥ ሥጋው ከአጥንቱ ራሱ ይለቃል፤ መረቁ ቢጫ፣ ቅባታም፣ ዳቦ የሚያስጨርስ ነው። ውስጡ ካሮት ወይም ድንች ካገኛችሁ በእንስራ የቀረበ ሌላ ወጥ ነው የበላችሁት፤ ታንጂያ አትክልት የለውም። ማታ ለመብላት ጠዋት፣ ይሻላል ካላችሁ ከዋዜማው፣ እዘዙ። ሳይነገረው የሚያቀርብ ቤት ካለ "ከፈርናጪ ነው የመጣ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈርናጪ የሐማሙ እሳት ቤት ነው። በምድጃ ኦቭን የተሠራውም ይበላል፣ ግን የአመዱን ዋጋ አይከፈልበትም።

ሜሽዊ ሙሉ በግ ነው፤ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ምድጃ ወርዶ፣ አፉ ተደፍኖ ለሰዓታት የሚጠበስ። ከማራኬሹ ጀማ ልፍና አደባባይ በስተ ሰሜን ባለች ጠባብ መንገድ የሜሽዊ ሻጮች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚዛን ይሸጣሉ። እዚህ ሜኑ የለም፤ በጣት ማሳየት ነው። ትከሻው ለስላሳና ቅባታም፣ ጎድኑ ቆዳው ኩርሽም የሚል፣ እግሩ ደረቅ ያለ ነው። "ከዚህና ከዚያ" ብላችሁ አስቀላቅሉ። ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ሩብ ኪሎ፣ ሥጋ ለሚወድ 350 ግራም ይበቃል፤ ኪሎ ለአራት ሰው ነው። ወረቀት ላይ ከከሙንና ከጨው ጋር ይመጣል፣ ዳቦና ሻይ ይጨመራል። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። በግ ከምድጃ የሚወጣው ለቀትር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሞራው ይረጋል፣ ማታ ሜሽዊ የሚሏችሁ የቀኑ ትራፊ ነው።

በልባችሁ ጥብስ ከወደዳችሁ ሜሽዊ፣ ቅቅልና መረቅ ካማራችሁ ታንጂያ። ኪስ የሚያሳስብ ከሆነ ሜሽዊን ማስመጠን ይቀላል፤ ሚዛኑ ፊታችሁ ነው።

ሥጋ ቤቱ ከጥብስ ቤቱ ጋር

በሀገር አቋራጭ መንገድ ዳር፣ ሥጋው ተሰቅሎ ከጎኑ ጢሱ የሚንቦለቦልበት ቦታ ስታዩ የእኛን ልኳንዳ ቤት አስቡ፤ አሠራሩ ያው ነው። ከሥጋ ሻጩ በኪሎ ትገዛላችሁ፣ ጎረቤቱ ጠባሹ በትንሽ ክፍያ ከሰል ላይ ያበስልላችኋል። የበግ ጎድን ወይም ኬፍታ ጥሩ ምርጫ ነው። ኬፍታውን ፊታችሁ ያስፈጩ፤ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ከሙንና ጣፋጭ በርበሬ እዚያው ይቀላቅሉበታል። ቀድሞ ተፈጭቶ የተቀመጠውን ተዉት፤ ቅባቱ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ቶሎም ይበላሻል። መጠየቅ ያለበት ሁለት ዋጋ ነው፤ የሥጋው በኪሎ፣ የማስጠበሻው ለብቻው። ዳቦ፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ብዙ ጊዜ ከጥብሱ ክፍያ ጋር ነው፣ ሻይ ግን ለብቻ ይታሰባል።

ቁርጥ የሚባል ነገር የለም። ሥጋው ለጥሬ ታስቦ ስላልተያዘ "እንዲያው ትንሽ ለብ አድርገው" ማለትም አያዋጣም። ሚጥሚጣ የሚናፍቃችሁ ከሆነ "ሱዳኒያ" በሉ፤ የሚያቃጥለውን ደረቅ በርበሬ እንዲህ ነው የሚሉት። የሞሮኮ ምግብ ቅመሙ ብዙ ቢሆንም አያቃጥልም፤ ራስ ልሐኑት የሚባለው ድብልቅ ቅመምም መዓዛ እንጂ የበርበሬ ኃይል የለውም።

አደባባዩ ወይስ ሪያዱ?

ጀማ ልፍና አመሻሹ ላይ ቁጥር በተለጠፈባቸው የምግብ ድንኳኖች ይሞላል። በየበሩ እጅ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። እዚያ የሚበላው ለድንኳን የተፈጠረው ምግብ ነው፦ ሃሪራ የሚባለው ሾርባ፣ የተቀቀለ ቀንድ አውጣ በቅመም መረቅ፣ የበግ ጭንቅላት፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በከሰል የተጠበሰ ቋሊማ። ታጂን እዚያ አትዘዙ። ብዙ ሰው የተቀመጠበትን፣ በተለይ የሀገሬው ቤተሰብ ያለበትን ምረጡ። ዋጋ ሳይጻፍበት የቀረበ ሜኑ ካለ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሳታዝዙ የተቀመጠው ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና ስልስ ሂሳብ ላይ ሊገባ ስለሚችል የማትፈልጉትን ወዲያው አስነሡ።

ሪያድ መሀሉ ግቢ ያለው የድሮ ቤት ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬ ማደሪያና ምግብ ቤት ሆነዋል። ዋጋው ከመንገድ ቤት ብዙ እጥፍ ነው። የሚያዋጣው ከአንድ ቀን በፊት ስታዝዙ ነው፤ ያን ጊዜ ለእናንተ ብቻ ገበያ ይወጣል፣ የጾምም ሆነ ያለ ስኳር ይሠራል። ከዋዜማው ሳትነግሩ ከገባችሁ ግን "ሙሉ ምናሌ" የሚባለው ይመጣል፦ ሰባት ስምንት ትንንሽ ሰላጣ፣ ባስቲላ፣ ታጂን፣ ኩስኩስ፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት ብርቱካን፣ ሻይ። የሁሉም ስህተት አንድ ነው፤ በሰላጣውና በዳቦው ጠግበው ዋናውን በዓይን ይሸኙታል። ለሁለት ሰው ሰላጣውና አንድ ዋና ምግብ ብቻ እንዲሆን ተደራደሩ። የሆድ ጭፈራ ያለበት ቤት ከሆነ የምትከፍሉት ለትርኢቱ ነው፤ ጭፈራውም ከምሥራቅ አረብ የመጣ እንጂ የሞሮኮ ወግ አይደለም።

ባስቲላን ሪያድ ውስጥ ወይም ፌዝ ከተማ ብሉት። ወርቃ በሚባል እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ የተጠቀለለ የእርግብ ሥጋ፣ ዛሬ በአብዛኛው ዶሮ፣ ከእንቁላልና ከአልሞንድ ጋር፤ በላዩ ዱቄት ስኳርና ቀረፋ። ትኩስ ካልሆነ ወርቃው ይልፈሰፈሳል። ስኳሩ ያስፈራው ሰው በባሕር ምግብና በቀጭን ፓስታ የሚሠራውን ይምረጥ፤ እሱ ጨዋማ ነው።

ለጾመኛ፣ እና ሥጋውን ለማይበላ

ሞሮኮ ውስጥ የሚቀርብ ሥጋ በአብዛኛው በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። ለሙስሊም አንባቢ ይህ ዕረፍት ነው። ያን ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን ደግሞ ዓሣውን፣ እንቁላሉንና አትክልቱን ይዞ፣ የመረቁን ነገር እየጠየቀ መኖር ይችላል። በወደብ ከተሞች፣ ለምሳሌ በኤሳዊራ፣ ዓሣ በሚዛን ተገዝቶ እዚያው ይጠበሳል፤ እንደ ሥጋ ቤቱ ሁሉ የማስጠበሻው ዋጋ ተጨምሮ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለጾም ግን ዓይናችሁን ከታጂኑ አንሱና ወደ ቢሳራ አዙሩ። የደረቀ ባቄላ ክክ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈልቶ ሲልም፣ የወይራ ዘይት ይንቆረቆርበታል፣ ከሙንና ቀይ በርበሬ ይነሰነስበታል። ቀጠን ያለ የባቄላ ሽሮ ማለት ነው፣ ያውም ቅቤ የማይነካው። ርካሽ የጠዋት ምግብ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ትናንሽ ቤቶች ውስጥ ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ ድስቱ ይጋጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሳያገኘው ይቀራል፤ ለእሱ የሚሆኑት ሰላጣ ተብለው በትንንሽ ሳህን የሚመጡት ናቸው። ዛሉክ ደበርጃንና ቲማቲም በነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ፣ ታክቱካ የተጠበሰ ቃሪያና ቲማቲም። ሁለቱም በዘይት ነው የሚሠሩት። ሦስት ሳህን ከዳቦ ጋር ምሳ ነው።

ወጥመዶቹ እነዚህ ናቸው። ሃሪራ ቲማቲም፣ ምስርና ሽምብራ ብትሆንም ብዙ ጊዜ ጥቂት ሥጋ ወይም ስመን አለባት። ምስርና ነጭ ባቄላ በዘይት መሠራታቸው የተለመደ ቢሆንም አንዳንዱ ቤት በቅባት የቆየ ቋንጣ ይጨምርበታል። "የአትክልት ታጂን" ከሥጋው ታጂን የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ክቡ ዳቦ፣ ኽብዝ፣ በአብዛኛው ጾም ነው፤ ስሙም ከግዕዙ ኅብስት ጋር ዘመድ ነው። ምስመን የሚባለው ድርብርብ ቂጣ ግን ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ባግሪርን ስታዩ ደግሞ ትደነግጣላችሁ፦ ዓይኑ እንደ እንጀራ የሆነ ክብ ቂጣ። አይኮመጥጥም፣ በቅቤና በማር ነው የሚበላው።

ለአስተናጋጁ ሦስት ቃል ይበቃል። "ብላ ልሐም" ያለ ሥጋ፣ "ብላ ዘብዳ" ያለ ቅቤ፣ "ብላ ስመን"። ላሕም በግዕዝ ላም መሆኗን ለሚያውቅ አይረሳውም። "ቢ ዚት" ስትሉ በዘይት ማለታችሁ ነው። "መረቁስ?" የሚለውን አትዝለሉት፤ ሥጋ ማለት ለእነሱ ቁራጩ ነው።

ስመን ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፦ በጨው ተይዞ የሰነበተ ቅቤ ነው፣ አንዳንዱ ዓመት ያለፈው። በስሎ የከረመ ቅቤ የሚወድ የገጠር ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ለጋ ብቻ የለመደ ሽታው ይከብደዋል። ስመንን ከወደዳችሁ ካዛብላንካ አካባቢ ርፊሳ ጠይቁ፦ የተቀደደ ምስመን ላይ ዶሮ፣ ምስርና አብሽ ያለው መረቅ ይፈስበታል። ለአራስ የሚሠራ ምግብ ነው፣ እንደ እኛ ገንፎ፤ ስለዚህ ከምግብ ቤት ይልቅ ከቤት ነው የሚገኘው፣ ምግብ ቤትም ቢሆን በትዕዛዝ።

በረመዳን ወር የቀን ምግብ ቤት በቱሪስት ሰፈር ካልሆነ ይዘጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሃሪራ፣ ተምርና ሸባኪያ የሚባለው በማር የተነከረ ጣፋጭ ይቀርባል። በዚያች ሰዓት አስተናጋጁም ጾሙን እየፈታ ስለሆነ ትዕዛዝ ለማብዛት አትሞክሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ።

ከሞሮኮ ውጭ

ፓሪስ ውስጥ "ኩስኩስ ሮያል" የሚባለው በግ፣ ዶሮና መርገዝ ቋሊማ በአንድ ሳህን የሚከምረው ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ ነው። ሥጋ ለሚያማርጥ ቡድን ጥሩ ነው፣ የሞሮኮ ቤት ግን አያውቀውም። እስራኤል ላለ አንባቢ ነገሩ ይለያል፤ ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ ምግብ በየከተማው አለ፣ ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቅ፣ የሥጋ ቤት ከሆነ ደግሞ ቅቤም ወተትም ወጥ ቤቱ አይገባም። ስመንና ልበን አትጠብቁ፤ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የሚሠራውን ቀይ ዓሣ እዘዙ። አሜሪካና አውሮፓ በሌሎች ከተሞች ኩስኩሱ ከፓኬት መሆኑን ገምታችሁ ወደ ዶሮ ታጂን ማዘንበል ያዋጣል፤ ዶሮ ሲሞቅ ከበግ ያነሰ ይጎዳል።

ማዕዱና ሂሳቡ

ታጂን ከአንድ ሸክላ ለሁሉም ይበላል። እጅ ታጥባችሁ፣ "ቢስሚላህ" ሲባል፣ በቀኝ እጅ ሦስት ጣት ዳቦ ቆርሳችሁ ከፊታችሁ ካለው ጀምሩ። ሥጋው መሀል ነው፤ አትክልቱ እስኪገባደድ አይነካም፣ ጋባዡ ነው ቆርሶ ወደየሰዉ የሚገፋው። በትሪ ለበላ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ዳቦ እንደ እንጀራ ስለማይጠቀለል መረቁ እጅ ላይ መውረዱ ነው። ቅርፊቱን ከታች፣ ልቡን ወደ መረቁ አድርጋችሁ ያዙ። ሻዩ ከመጀመሪያውኑ ስኳር ገብቶበት ይፈላል፤ ያለ ስኳር የሚፈልግ ሲያዝ መናገር አለበት። መጠጥ ያለው ፈቃድ ባላቸው ቤቶች ብቻ ነው፤ ጥቂት ሥፍራ ካልሆነ መዲናው፣ ማለትም አሮጌው ከተማ፣ ውስጥ አትፈልጉት።

ሂሳብ ለመጠየቅ አዲስ ቃል አያስፈልግም፦ "ልሕሳብ ዓፋክ"፣ ሂሳብ እባክህ። በትንሽ ቤት ጥቂት ድርሃም መተው፣ በትልቁ አሥር በመቶ ገደማ የተለመደ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ዳቦው፣ የወይራ ፍሬውና ውኃው ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ።